«ቀኖናሽ ማጥናት ነው»

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ ወጥቷል። ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ባልዲ፣ ስለ ሎከር ቁልፍ ስናወራ ቆየን። ልትዘጋው ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገችና «እኔ ምልሽ፣ ግቢ ጉባኤ ልግባ ወይስ ትምህርቴን ልማር?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ሆዴ ባር ባር አለ። እኔ ይህን ጥያቄ ማንንም ሳልጠይቅ ነው የገባሁት። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ አንድ ዓመት ተንገላትቼ፣ አንድ ኤፍ ቆጥሬ፣ ጨጓራዬን አቃጥዬ ነው። ስለዚህ ለእሷ በስልክ የነገርኳትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ዘንድሮ ግቢ የሚገባ፣ ወይም የሚገባ ልጅና ወንድም ያለው ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

ለማያውቀው፦ ግቢ ጉባኤ ማለት የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ባለ ደብር እየተሰበሰቡ የሚማሩበት፣ የሚጸልዩበትና የሚያገለግሉበት ጉባኤ ነው። የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን ነው። ስለ ሌላ ዓይነት የተማሪዎች ኅብረት አላወራም። የማውቀው ይህንን ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እናቴ ጉልት ትቸረችራለች፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንዳንዴ ጎመን። በ2014 ዓ.ም. የተመደብኩት ምሥራቅ፣ ሐረርጌ ነበር። ቋንቋውን፣ መንገዱን፣ ሰዉን የማላውቅበት አገር። ከአውቶቡስ ስወርድ ነጠላ ያጣፉ ልጆች «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ወረቀት ይዘው ቆመዋል። አንዷ ሻንጣዬን ነጥቃ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና «የክርስትና ስምሽ ማነው?» አለችኝ። «ወለተ ሥላሴ» አልኳት። በቃ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወለተ ሥላሴ ሆንኩ። የብዙዎቹን ልጆች የመዝገብ ስም የሰማሁት በምረቃ ቀን ሲጠሩ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ግቢ ውስጥ ጉባኤ የሚባል ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጣል ይላል፤ ጥበቃዎቹ አንቀጹን ባይጠቅሱትም ሥራውን ያውቁታል። ነጠላችንን በቦርሳ ይዘን ከበር እንወጣለን፣ ሃያ ደቂቃ በእግር እንሄዳለን፣ ደብሩ በር ላይ ስንደርስ እንለብሳለን። መጀመሪያ ላይ ይህ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሃያ ደቂቃ ከጉባኤው ባልተናነሰ አስተምሮኛል። ሲኒየሮች የልባቸውን የሚያጫውቱን መንገድ ላይ ነዋ።

አንድ ምሽት መምህራችን የ1983 ዓ.ም. ታሪክ ነገሩን። በደርግ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ይላካሉ። እዚያ ካምፕ ውስጥ፣ አዳራሽ የለ፣ መቋሚያ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ተሰባስበው መጸለይ ጀመሩ። በዓመቱ፣ በ1984፣ ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። ከዚያ ማታ በኋላ ስለ ሃያ ደቂቃው መንገድ ማማረር አፈርኩ።

የመጀመሪያው እሑድ ግን ከሁሉም በላይ አይረሳኝም። አገሬ ሳለሁ ቅዳሴ ማለት ለእኔ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ድምፅ ማጉያ ማዳመጥ ነበር። ያን ቀን ሲኒየሬ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ቆሜ ቆሜ ደከመኝና ግድግዳ ተደግፌ ቁጢጥ አልኩ። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» አለ። ይህችን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ፤ ከነዜማዋ አውቃታለሁ። ሲኒየሬ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ «የተቀመጣችሁ ተነሡ እያለ ነው» አለችኝ። ብድግ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ደግሞ «ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ» አለችኝ። ለካ ፊቴን ያዞርኩት ወደ በሩ ነበር።

አስቡት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ተነሺ እየተባልኩ ተቀምጬ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ማር ማር እያለ አለቀ። የእምነታችን መሠረት የሆኑትን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ተማርን። በልማድ የምጾመውን ጾም ለምን እንደምጾመው አወቅሁ። ውዳሴ ማርያም የየዕለቱ ክፍል እንዳለው እንኳን የሰማሁት እዚያ ነው፤ እናቴ በቃሏ ስትደግመው ሁሌ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ግሬዴም ደኅና ነበር። ማታ ከጉባኤ መልስ ከሲኒየሬ ጋር ላይብረሪ ገብተን እስኪዘጋ እንቸክል ነበር። «ጉባኤ የሄደ ሰው ያልሄደውን ያህል አንብቦ ነው የሚተኛው» ትለኝ ነበር። እሷ በዓመቱ ተመረቀች። እኔም ይህን አባባሏን ከእሷ ጋር ሸኘሁት።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለአገልግሎት ተመደብኩ። መጀመሪያ መዝሙር ክፍል። ቀጥሎ ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አጣ ተባለና «እኔ አለሁ» አልኩ። ከዚያ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል። ከዚያ ለነዳያን ምሳ ማዘጋጀት። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህንን በደንብ ልበል። ሰው «ወለተ ሥላሴ ትሥራው» ሲል ደስ ይለኝ ነበር። የጉልት ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ በሕይወቴ ያን ያህል ሰው ፈልጎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ የመዝሙር ጥናት፣ ረቡዕ ስብሰባ፣ ሐሙስ ጉባኤ፣ ዓርብ ሌላ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ኮርስ፣ እሑድ ቅዳሴና ከሰዓት ደግሞ ጥናት። ሰኞ ቀረኝ። ሰኞ እተኛለሁ። የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፤ የሰው ገቢና ወጪ ማስታረቅ የምማር ሰው የራሴን ሰባት ቀን መደመር አቃተኝ።

ልብ በሉ፣ ከውጭ ለሚያየኝ ያኔ ያደግሁ ነበር የምመስለው። ከውስጥ ግን ባዶ እየሆንኩ ነው። ደብተር ይዤ አዳራሽ በር ላይ ቆሜ የመጣውን ሰው እመዘግባለሁ፤ ትምህርቱ ሲጀመር ወጥቼ ቀጣዩን ፕሮግራም አስተካክላለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው የከሰዓቱ ማይክራፎን ባትሪ ነው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ማንበብ ካቆምኩ ወራት አልፈዋል። አንድ ቀን ለአዲስ ተማሪዎች ስለ ንስሐ አሥር ደቂቃ እንድናገር ተጠየቅሁ። አሳምሬ ተናገርኩ። ስወርድ አንዲት ፍሬሽ ልጅ ተከትላኝ መጣችና «የአንቺ ንስሐ አባት ማን ናቸው? እኔንም ውሰጂኛ» አለችኝ።

ንስሐ አባት አልነበረኝም። የቤተሰባችን ንስሐ አባት ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ካየኋቸው ከዓመት በላይ ሆኗል። ለልጅቷ «በኋላ አገናኝሻለሁ» አልኳትና ሁለት ሳምንት ሸሸኋት። ጓደኞቼ፣ ከሰው መሸሽ ከጀመራችሁ ያንን ነገር አትለፉት። እኔ አልፌዋለሁ።

ታኅሣሥ መጣ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ራስ መኰንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ደብር፤ ያ አካባቢ ያን ሰሞን በሰው ይጥለቀለቃል። ከልጆች ጋር በእግር ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስንዘምር ስናዜም ደስታው ልክ የለውም። ችግሩ ታኅሣሥ 21 የኮስት አካውንቲንግ ሚድ፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና፣ ነበረን፤ እኔ ደግሞ ደብተሬን ከገለጥኩ ወር ሊሆነኝ ነው። ቁልቢ ደርሼ ተሳልኩ። «ቅዱስ ገብርኤል፣ ይህን ኮርስ በሰላም ካሻገርከኝ ጥላ አገባልሃለሁ።»

ኤፍ ቆጠርኩ። የሴሚስተሩ ግሬዴ 1.71 መጣ። ፕሮቤሽን፤ ውጤት አሻሽዪ የሚል ማስጠንቀቂያ ማለት ነው።

ዶርም ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ማታ የመጡ እኅቶች አጽናኑኝ። «አይዞሽ፣ ፈተና ነው» አሉኝ። እኔም «አዎ፣ ፈተና ነው» አልኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰይጣን በአገልግሎቴ ቀንቶ የጣለኝ መስሎኝ ነበር። ከዶርም ልጆች አንዷ ግን፣ ሙስሊም ናት፣ አልጋዋ ከእኔ በላይ ነው፣ ከላይ ቁልቁል አየችኝና «ፈተናማ ነው። ያላጠናሽው ፈተና» አለችኝ። በጣም ነው የተናደድኩባት። አንድ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ዛሬ ከልብ ጓደኞቼ አንዷ ናት፤ ስለ እሷ እመለስበታለሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ስትደውል «ትምህርት እንዴት ነው?» ትላለች፤ «ቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም» እላለሁ። ያልጠየቀችኝን እየመለስኩ ማለት ነው። እሷም «ተመስገን» ትላለች። ከሁሉም ስሕተቶቼ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የእግዚአብሔርን ቤት ለእናቴ መዋሻ አደረግሁት።

ከዚያ ደግሞ ስሕተቴን በስሕተት ልክስ ተነሣሁ። የ2015 ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን። ንስሐ አባት ለንስሐ የሚሰጠውን ቀኖና እኔ ለራሴ ሰጠሁ። ሌላው እስከ 9 ሰዓት ሲጾም እኔ እስከ 12። ስግደቱንም እጥፍ አደረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ በስውር መሆኑ የበለጠ ጽድቅ መሰለኝ። ካፌው ምሳ የሚያቀርበው 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከሄድሽ ወስደሽ ታስቀምጫለሽ፤ ካልሄድሽ ቀረብሽ። ምሳ ዕቃ የያዙ ልጆች ሽሯቸውን ወስደው ከቅዳሴ በኋላ ይበሉታል። እኔ ለመሰለፍም ሰነፍኩ። ማታ በባዶ ሆድ ሻይና ዳቦ፣ አንዳንዴም ቆሎ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ከላይብረሪ ደረጃ ስወርድ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ክሊኒክ ነኝ፣ ጉልበቴ ተልጧል፣ ነርሷ «ምን በልተሽ ነው?» ትላለች። ምን እላለሁ?

ክሊኒክ ያደረሰችኝ ያቺው የላይኛው አልጋ ልጅ ነበረች። ቦርሳዬን ይዛ በር ላይ ቁማ «ከዚህ በኋላ ወይ ትበያለሽ ወይ ለእናትሽ እደውላለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ደብሩ ሄድኩ። ለስብሰባ አይደለም፤ ደብተርም አልያዝኩም። በዕድሜ ገፋ ያሉ ቄስ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ያለች የወይራ ዛፍ ሥር የሚቀመጡ። ስብሰባ ስናበዛ «ልጆቼ፣ ወንበሩን መልሱ» ከማለት በቀር ተናግረውኝ አያውቁም። በንስሐ የተነገረውን ካህኑ አያወጡም። እኔ ግን የራሴን ማውራት እችላለሁ፤ ኃጢአቴን ትቼ የተባባልነውን ልንገራችሁ።

ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ወላጆችሽ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ።

«እናቴ ናት ያለችኝ፣ አባ። ጉልት ትቸረችራለች።»

«እሷ ጉልቷን ትታ ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ብትውል ምን ትያታለሽ?»

«ልጆቿን ማን ያበላል እላታለሁ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። መቋሚያቸውን መሬት ላይ እያንቀሳቀሱ ትንሽ ቆዩና «እንግዲህ» አሉ።

ቀጥለው «ቀኖናሽን ስሚ» አሉኝ። በቀን ሦስት ሰዓት ማጥናት። ከመቀመጤ በፊት አቡነ ዘበሰማያት። ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ካልቻልኩ እንኳን ግማሹን። እስከ ግንቦት ድረስ ከአንድ አገልግሎት በቀር ሁሉንም መተው። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት፣ ከዚያ አንዲት ደቂቃ እንዳላልፍ። እና ሐኪም ቤት ሄጄ ጨጓራዬን መታየት፣ ውጤቱንም መጥቼ መንገር።

«ማጥናት ቀኖና ይሆናል እንዴ አባ?» አልኳቸው። ስግደት ነበር የጠበቅሁት፤ እውነቱን ለመናገር ከበድ ያለ ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ቀኖናሽ ማጥናት ነው። ስግደቱንማ ሳልሰጥሽ ሰግደሽ ወደቅሽ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ግቢ በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ንስሐ አባት ያዙ። ጉባኤ ከመልመዳችሁ፣ መዝሙር ክፍል ከመግባታችሁ፣ አገልግሎት ከመመደባችሁ በፊት። ያገር ቤቱ ንስሐ አባታችሁ ካሉ ደውሉላቸውና በሩቅ መሆኑን ንገሯቸው፤ እዚያ ካሉ ካህን ጋር እንድትሆኑ ይፈቅዱላችኋል። ስትሄዱ ኃጢአታችሁን ብቻ አትንገሩ። ስንት ሰዓት እንደምታጠኑ፣ ምን እንደምትበሉ፣ ጤናችሁ እንዴት እንደሆነ፣ ስንት አገልግሎት እንደያዛችሁ ንገሩ። ካህኑ ያላወቁትን ሊያክሙ አይችሉም። ጾምና ስግደትን ደግሞ በራሳችሁ አታብዙ። መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ተናገሩ። እኔ ጨጓራዬ መቁሰሉ የተነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬም ድረስ አልለቀቀኝም፤ ቃሪያ የጉልታችን ዕቃ ሆኖ ሳለ አልበላም።

አገልግሎቱን መተው ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልነበረም። ለሥራ አስፈጻሚዎቹ ስነግራቸው ሁለቱ ገባቸው፤ አንዱ አኮረፈ። ከጀርባዬ «ቀዘቀዘች» ተባልኩ። በየመንገዱ «ጠፋሽ» የሚለኝ በዛ። ሐሙስ ማታ ላይብረሪ ተቀምጬ ልጆቹ ነጠላ በቦርሳ ይዘው ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ እንባዬ ይመጣል። ከዚህም የከፋው፣ ትምህርት ክፍሉ ሌላ ጸሐፊ መድቦ ከእኔ በተሻለ መሥራቷ ነው። ለሦስት ቀን ያህል ቀናሁ። ከዚያ ቀለለኝ። ጉባኤው የእኔ ጫንቃ ላይ የቆመ መስሎኝ ነበር እኮ!

አንዷን አገልግሎት ምረጪ ስባል ነዳያንን ማብላት መረጥኩ። በወር አንድ ቅዳሜ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ማንም አያጨበጭብም። እናቴ ስትከትፍ እንዳደግሁ ትዝ ይለኝና ደስ ይለኛል። ብትችሉ ከአገልግሎታችሁ አንዱ ሰው የማያየው ይሁን።

ሦስት ሰዓቷን ጥናት እንዴት እንደጀመርኳት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሃያ ደቂቃ ሳልቆይ ስልኬን አወጣለሁ። መዝሙር ልስማ እላለሁ፤ ከመዝሙር ወደ ስብከት፣ ከስብከት ወደ ቲክቶክ። ስለዚህ ስልኬን ለላይኛው አልጋዋ ልጅ አስረክብ ጀመር። እሷ ለሱብሒ ሰላት ትነሣለች፤ ስትነሣ የአልጋዬን ብረት ኳ ኳ ታደርገዋለች። እኔም ተነሥቼ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ውዳሴ ማርያሜን በስልክ መብራት አነባለሁ። ስድስት ልጅ በምንተኛበት ዶርም ውስጥ ያቺ ሰዓት ብቻ ነበር ጸጥታ ያለው። ሙሉውን አንብቤ የማልጨርስባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ግን አንድ ገጽ የራሴ ሆነ። ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ፕሮግራም መሪ፣ ስም መዝጋቢ የሌለበት።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ ሰኞ መጋቢት 2። ሁለታችንም ጾመኞች ሆንን። እኔ 6 ሰዓት ላይ በሁለት ምሳ ዕቃ ተሰልፌ የሁለታችንን እወስዳለሁ። የእኔ 9 ሰዓት ይከፈታል፣ የእሷ ፀሐይ ስትጠልቅ። ማታ አፍጥራ ቴምር ስታወጣ ለእኔም ሁለት ፍሬ ታስቀምጥልኛለች። አንድ ቀን ከክፍል ቀጥታ ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ ሽሮዬ ላይ ወረቀት ለጥፋ አገኘሁ፦ «ብዪ። ለእናትሽ እደውላለሁ።»

ስለዚህ ዶርም ውስጥ ከሌላ እምነት ልጆች ጋር ከሆናችሁ አትጨነቁ። ክርክሩን ተዉት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የተማርኩትን ሁሉ ማታ ማታ ዶርም ላይ እሰብክ ነበር፤ ያተረፍኩት ቢኖር የጆሮ ማዳመጫ የገዙ አራት ልጆች ነው። እምነታችሁን የሚያዩት ተራችሁ ሲደርስ ዶርሙን በመጥረጋችሁ፣ የተበደራችሁትን በመመለሳችሁ ነው።

የግሬዱን ነገር ባጭሩ፦ ኤፉን ደግሜ ወሰድኩት፣ ቢ ሆነ። ከፕሮቤሽን ወጣሁ። በ2017 የመውጫ ፈተናውንም አልፌ በ2.84 ተመረቅሁ። ሰቃይ አልነበርኩም፤ አልሆንኩምም። ጥላውን ግን ገዛሁ። ስእለቱ «ካሻገርከኝ» ነበር፤ በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ አልተናገርኩም። በመጨረሻው ታኅሣሥ ቁልቢ ወስጄ አስገባሁት። የዚያን ጊዜ ከመሄዴ በፊት ሚዱ መቼ እንደሆነ አይቻለሁ።

አራተኛ ዓመት ላይ ወደ መዝሙር ክፍል ተመልሼ ነበር፤ ኃላፊ ሆኜ ሳይሆን ከኋላ ቆሞ የሚዘምር ሆኜ። አዲስ ልጆች ለአገልግሎት ሲመጡልን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ንስሐ አባት አላችሁ?» እና «ያለፈው ሴሚስተር ግሬዳችሁ ስንት ነው?» ነበር። አንዳንዶቹ ሁለተኛው ጥያቄ ዓለማዊ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ግቢ ጉባኤ ውስጥ ኃላፊ የሆናችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ። ፍሬሽ ላይ አታሸክሙ። በፈተና ሰሞን ስብሰባ ሰርዙ። የጠፋ ልጅ ስታዩ «ቀዘቀዘ» ከማለታችሁ በፊት ዶርሙ ሄዳችሁ በልቶ እንደሆነ እዩ። ያችን ንስሐ አባት ያስፈለጋትን ፍሬሽ ልጅ ኋላ ላይ ፈልጌ አገኘኋት፤ ይቅርታ ጠይቄ ወይራው ሥር ወሰድኳት። ለካ ቀድሞ ሌላ ሰው ወስዷት ነበር። «አባን አውቃቸዋለሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

(ስለ ፍቅር ደግሞ የምትጠይቁኝ አትጠፉም። አዎ፣ እዚያ ተዋውቀው የተጋቡ ብዙ ናቸው። ለዚያ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን መዝሙር ጥናቱ ረጅም ነው፤ ታውቁታላችሁ።)

ከምረቃ በኋላ ያለውን ሳልናገር ብተው ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ሥራ ያገኘሁት ማንንም በማላውቅበት ከተማ ነው። ቀስቃሽ የለ፣ ሐሙስ ጉባኤ የለ፣ «ጠፋሽ» የሚል የለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያቆየኝ ያቺ ብርድ ልብስ ውስጥ የለመድኳት አንድ ገጽ ናት። ከዚያ አንድ ቀን የሰፈሩ አጥቢያ ሄጄ ሰበካ ጉባኤ ተመዘገብኩ። እዚያ ያሉት ባልቴቶች ናቸው፤ የክርስትና ስሜን የጠየቀኝ የለም፤ «ልጄ፣ ሽንኩርት መክተፍ ትችያለሽ?» ነው ያሉኝ። ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ የሆናችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ከተማ ደብርና ካህን አጠያይቁ። ቤት እንደምትፈልጉት ፈልጉ።

አባን የመጀመሪያ ደሞዜን የተቀበልኩ ቀን ደወልኩላቸው። ቀኖናዬን መፈጸሜን፣ ሥራ መያዜን ነገርኳቸው። «እናትሽ ሰማች?» አሉኝ። «ሰምታለች» አልኩ። «ያኔ የደበቅሻትንስ?» አሉኝ። ስልኩ ላይ ዝም አልኩ። ለካ አልረሱም። ያን ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኤፉን፣ መውደቄን፣ ክሊኒኩን። እሷ ስለ ኤፉ አንድም ቃል አልተናገረችም። «እና ያቺ ሙስሊሟ ልጅ ደኅና ናት?» አለችኝ። ልጅቷ ለካ ያኔውኑ ደውላላት ነበር።

የአክስቴን ልጅ ባለፈው ሳምንት ሸኘናት። ለሻንጣዋ ነጠላና ክዳኑ ጥብቅ ያለ ምሳ ዕቃ ገዛሁላት። «ሁለቱንም» ነው ያልኳት፤ ለዚያ ለስልኩ ጥያቄ። ትናንት ማታ ደወለች። ንስሐ አባት ገና አልያዘችም፤ መዝሙር ክፍል ግን ግቢ ተብላለች። የምሳ ዕቃው ክዳንም ጠፍቷል።